«ካርታውን ለጊዜው በወንድሜ ስም እናዙረው?» የአባት ቤት፣ የወራሽነት ማረጋገጫና የስም ዝውውር

ጥያቄው፦ «አባታችን ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ አረፉ። ኑዛዜ አልተገኘም። እናታችን አዲስ አበባ ባለው ቤታችን ውስጥ ይኖራሉ። የተጋቡት በ1971 ዓ.ም. ነው። ቤቱን የሠሩት በ1984 ዓ.ም. ነው። ካርታው ግን በአባታችን ስም ብቻ ነው። እኔ ሜሪላንድ ነው የምኖረው፣ ዜግነቴም አሜሪካዊ ሆኗል። ታላቅ ወንድሜና ታናሽ እህቴ አዲስ አበባ አሉ። ሌላው ወንድማችን ከአባታችን ቀድሞ ሞቶ ሁለት ትንንሽ ልጆች ትቷል። አባታችን ከጋብቻቸው በፊት የወለዷት ትልቅ እህትም አለችን። ታላቅ ወንድሜ ‹ሁላችሁም ከምትንከራተቱ ካርታውን ለጊዜው በእኔ ስም እናዙረው፣ በኋላ እንካፈላለን፣ ውክልና ላኪልኝ› ይላል። ስለ ትልቋ እህታችን ደግሞ ‹እሷን አታንሱብኝ› ብሏል። ሙሉ ውክልና ልላክለት? ድርሻዬን ለእናቴ መተው እችላለሁ? ዋናው ካርታስ ማን እጅ ይቀመጥ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ነፍስ ይማር። አጭሩን መልስ ላስቀድም። ሙሉ ውክልና አይላኩ። ካርታው «ለጊዜው» ተብሎም ቢሆን በአንድ ልጅ ስም ብቻ አይዙር። ትልቋ እህታችሁ ደግሞ ከመጀመሪያው አቤቱታ ጀምሮ ስሟ የግድ መግባት አለበት።

ይህን የምለው ወንድምዎን ጠርጥሬ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ የውርስ ጉዳይ ይዞ መመላለስ ምን ያህል እንደሚያደክም አውቃለሁ። በአንድ ሰው ስም አድርጎ መገላገል የሚመኝ ሰው ብዙ ነው፤ አብዛኛውም ቅን ነው። ችግሩ ያለው አሠራሩ ላይ ነው። በመሬት አስተዳደር መዝገብ ላይ «ለጊዜው» የሚባል ነገር አይጻፍም። ካርታው ላይ ስሙ የወጣ ሰው ባለቤት ነው ተብሎ ይገመታል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1195 የሚለው ይህንኑ ነው። ግምቱን ማፍረስ ይቻላል። ግን የማስረዳቱ ሸክም የሚወድቀው በእናንተ ላይ ነው።

እስቲ አስቡት። ወንድምዎ ነገ አንድ ነገር ቢሆኑ ቤቱ በእርሳቸው ስም ነው። የራሳቸው ልጆች ይወርሱታል። ባለቤታቸው ጥያቄ ሊያነሱ ይችላሉ። ገንዘብ የሚጠይቃቸው ሰው ካለ ፍርድ ቤት ሄዶ ቤቱን ያሳግዳል። ያን ጊዜ «እኛ እኮ በቃል ተስማምተን ነበር» ቢባል ማን ይሰማል? የማይንቀሳቀስ ንብረት የሚመለከት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና ሥልጣን ባለው አካል ፊት እንዲመዘገብ ቁጥር 1723 ያዛል። የቤተሰብ የቃል ስምምነት እዚያ ፊት አቅም የለውም። ቤቱ ለሦስተኛ ወገን ከተሸጠማ ነገሩ የወንድምና የእህት ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ ገንዘቡን ከከፈለ ገዢ ጋር የሚደረግ ክርክር ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው «ማን ምን ያህል ይወርሳል?» የሚለው አይደለም። «ከዚህ ቤት ውስጥ የአባታችን የነበረው ምን ያህሉ ነው?» የሚለው ነው። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ 213/1992) መሠረት በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ሀብት የባልና የሚስት የጋራ ነው። በአንዳቸው ስም ብቻ ቢመዘገብም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። አንቀጽ 63ን ይመልከቱ። የግል ነው የሚል ሰው ማስረጃውን ያምጣ። እናንተ ጋ ጋብቻው 1971፣ ቤቱ 1984 ነው። ስለዚህ ካርታው ላይ የእናትዎ ስም ባይኖርም የቤቱ ግማሽ የእርሳቸው ነው። ይህ ግማሽ ውርስ አይደለም። በባለቤታቸው ሞት ያገኙትም አይደለም። ድሮም የራሳቸው ነበር።

በሌላ በኩል የፍትሐ ብሔር ሕጉ ባልና ሚስትን ያለ ኑዛዜ እርስ በርሳቸው አያወራርስም። ይህን ስነግራቸው ብዙ እናቶች ይደነግጣሉ። ከአባታችሁ ግማሽ ላይ እናትዎ ድርሻ የላቸውም፤ እሱ የልጆች ነው። በቁጥር 842 መሠረት ልጆች በመጀመሪያ ደረጃ ወራሾች ናቸው። የሚካፈሉትም እኩል ነው። ወንድ ሴት፣ ታላቅ ታናሽ፣ አገር ውስጥ ያለ ውጭ ያለ የሚል ልዩነት የለም። በጋብቻ የተወለደና ከጋብቻ ውጭ የተወለደ የሚልም የለም።

በእናንተ ቤት ስናየው እንዲህ ይሆናል። የሟች ልጆች አምስት ናቸው፦ ትልቋ እህት፣ ታላቅ ወንድምዎ፣ እርስዎ፣ ታናሽ እህትዎና በሕይወት የሌለው ወንድማችሁ። የእርሱን ድርሻ ሁለቱ ልጆቹ በአባታቸው ምትክ ይወስዳሉ። ለአሠራር እንዲመች ቤቱ 10 ሚሊዮን ብር ተገመተ እንበል። 5 ሚሊዮኑ የእናትዎ ነው። ቀሪው 5 ሚሊዮን ለአምስት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 1 ሚሊዮን ይደርሳል። ሁለቱ የወንድማችሁ ልጆች 500 ሺህ፣ 500 ሺህ ያገኛሉ። ሌላ ስሌት የለውም። ዕዳና የማጣራት ወጪ ካለ ግን አስቀድሞ ይቀነሳል።

ስለ ትልቋ እህታችሁ በግልጽ ልናገር። «አታንሱብኝ» የሚለው ነገር ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። የወራሽነት ማረጋገጫ ሲጠየቅ አመልካቾች ቃለ መሐላ ያቀርባሉ፤ ምስክሮችም ይሰማሉ። «ከእኛ ሌላ ወራሽ የለም» ተብሎ ተምሎ እሷ ካለች ያ በሐሰት መማል ነው፤ በወንጀልም ያስጠይቃል። የተሰጠው ማረጋገጫም በቁጥር 998 መሠረት እንዲሰረዝ ልትጠይቅ ትችላለች። ያን ጊዜ ክፍፍሉ፣ ስም ዝውውሩ፣ ካለም ሽያጩ ሁሉ ይናጋል። ደግሞስ አባታችሁ ልጄ ብለው ያሳደጓትን እህት በወረቀት ማጥፋት ምን የሚሉት ነገር ነው? ደውሉላት። ባትቀራረቡ እንኳ ደውሉላት። ልጅነቷን በልደት ምስክር ወረቀት ማስረዳት ትችላለች። እሱ ከሌላት ደግሞ አባታችሁ በዘመድና በጎረቤት ፊት እንደ ልጃቸው ይይዟት እንደነበር በሚያውቁ ምስክሮች ታስረዳለች። እናንተ እህትነቷን ካመናችሁላት ግን ክርክር ባለመኖሩ ነገሩ በጣም ይቀላል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ጣል ላድርግ። ቤተሰቡ ሙስሊም ሆኖ ሁሉም በሸሪዓ ፍርድ ቤት ለመዳኘት ፈቃደኛ ከሆነ ጉዳዩን የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤት ማየት ይችላል (አዋጅ 188/1992)። የድርሻ አከፋፈሉም ከላይ ካልኩት ይለያል። ባልና ሚስትም እርስ በርስ ይወራረሳሉ። የገጠር መሬት ከሆነ ደግሞ የራሱ የፌዴራልና የክልል ሕጎች አሉት። ይህ መልስ ለከተማ ቤት ብቻ ነው። የቀበሌ ቤትም ኪራይ እንጂ ሀብት ስላልሆነ እዚህ ውስጥ አይገባም።

የመጀመሪያው ሥራ የሞት ምስክር ወረቀት ማውጣት ነው። ሞት በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ሕጉ ይላል (አዋጅ 760/2004)። ብዙ ቤተሰብ በለቅሶው መሀል ይህን ይረሳል። ካላስመዘገባችሁ ዛሬውኑ ወረዳ ሂዱ፤ ዘግይቶም ይመዘገባል። ከዚያ የእናትዎ የጋብቻ ማስረጃ ያስፈልጋል። በሽማግሌ ወይም በቤተ ክርስቲያን ተጋብተው የማዘጋጃ ወረቀት ከሌላቸው ፍርድ ቤት ምስክር ሰምቶ የሚስትነት ማስረጃ ይሰጣቸዋል። ይህን እንዳትዘሉት። የእናትዎን ግማሽ የሚያቆመው ይህ ወረቀት ነው።

የወራሽነት ማረጋገጫ የሚጠየቀው ሟች ዋና መኖሪያቸው በነበረበት ቦታ ነው። አዲስ አበባ ላይ ማረጋገጫውን የሚሰጡት የከተማዋ ፍርድ ቤቶች ናቸው። ጠብ ያለበት ክርክር ሲሆን ወደ ፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ይሄዳል። አቤቱታው ላይ የሁሉም ወራሽ ስም ይግባ። የሁለቱን ሕፃናት ጉዳይ እናታቸው በሞግዚትነት ይዛ ትቅረብ።

እዚህ ጋ ስም በጣም ያስቸግራል። ካርታው ላይ «ወ/ጊዮርጊስ» ተብሎ የተጻፈ ስም የሞት ምስክር ወረቀቱ ላይ «ወልደጊዮርጊስ» ይሆናል። የእርስዎ የአሜሪካ ፓስፖርት ላይ ደግሞ የአያትዎ ወይም የባለቤትዎ ስም መጨረሻ ላይ ገብቶ የአባትዎ ስም ጭራሽ ላይኖር ይችላል። ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ ለመዝገብ ቤት ሠራተኛው ግን ሁለት ሰው ነው። ስለዚህ አቤቱታው ሲጻፍ የስም ልዩነቱ አብሮ ይነሳና «የአንድ ሰው ስሞች ናቸው» የሚል ቃል በውሳኔው ውስጥ ይካተት። ውሳኔው ከወጣ በኋላ ለዚያ ብቻ እንደገና መመለስ ያሰለቻል።

ማረጋገጫው ሲወጣ ቤተሰቡ ሁሉ «ጨረስን» ብሎ እልል ይላል። ገና ነው። የወራሽነት ማረጋገጫ እናንተ የሟች ወራሽ መሆናችሁንና ድርሻችሁን ይናገራል። የትኛው ንብረት የሟች እንደሆነ አይናገርም፤ ቤቱንም አያከፋፍልም። የምጨነቀው ሰው ይህን ወረቀት ይዞ በቀጥታ ካርታ ላዙር ሲል ነው። ቅደም ተከተሉ ማን ወራሽ ነው፣ ምን ተረፈ፣ እንዴት እንካፈል፣ ከዚያ ካርታ ነው። ካርታው መጨረሻ ላይ ይመጣል።

«ምን ተረፈ» የሚለውን የሚመልሰው የውርስ ማጣራት ነው። ከተስማማችሁ ወራሾች ራሳችሁ ማጣራት ትችላላችሁ። ካልተስማማችሁ ፍርድ ቤቱ ውርስ አጣሪ ይሾማል። አጣሪው መጀመሪያ ኑዛዜ ይፈልጋል። እናንተም አንድ ጊዜ ሳጥንና መሳቢያ ፈትሹ። ሰነዶች ማረጋገጫንም ጠይቁ። የንስሐ አባታቸውን፣ የቅርብ ጓደኞቻቸውንም ጠይቁ። በእጅ የተጻፈ ኑዛዜ ሙሉ በሙሉ በተናዛዡ እጅ የተጻፈ፣ ቀንና ፊርማ ያለው መሆን አለበት። በተጻፈ በ7 ዓመት ውስጥ ሰነዶች ማረጋገጫ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ደግሞ ውድቅ ይሆናል። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ አራት ምስክር ይፈልጋል። ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ሆኖ ሥራው ላይ ሳለ ከተደረገ ሁለት ይበቃል።

ቀጥሎ ዕዳ ይታያል። ክፍለ ከተማ ሂዳችሁ የቤቱን የዕዳና እገዳ ማስረጃ አውጡ። አባታችሁ ቤቱን ባንክ አስይዘው ከሆነ ዋናው ካርታ እዚያ ነው ያለው። ከውርሱ የሚከፈለው በተራ ነው። ቀብር፣ የማጣራት ወጪ፣ የሟች ዕዳ፣ ቀለብ፣ በመጨረሻ በኑዛዜ የተሰጠ ስጦታ። ቁጥር 1014 ተራውን ያስቀምጣል። ቤተሰብ የሚያጋጨው ተዝካር ነው። አንዱ ልጅ ድንኳን አስተክሎ፣ ሰንጋ ጥሎ ያወጣውን ሁሉ «ከቤቱ ይከፈለኝ» ይላል። ሕጉ የተዝካርን ወጪ ከቀብር ወጪ አይቆጥረውም። በፍቅር መካፈል የእናንተ ፈንታ ነው። ከውርሱ ይቀነስልኝ ማለት ግን አይሠራም።

ኪራይም አለ። ጊቢው ውስጥ ሰርቪስ ቤት ተከራይቶ ከሆነ ከሞቱበት ቀን ጀምሮ ያለው ኪራይ እንደ ቤቱ ነው የሚካፈለው። ግማሹ የእናትዎ ነው፤ ቀሪው የወራሾች። ኪራዩን የሚሰበስበው ሰው በደብተር ይያዝ። ከዚያ ላይ የቤትና የቦታ ግብሩን፣ ውሃና መብራቱን፣ ጥገናውን ይክፈልና ደረሰኙን ያስቀምጥ። ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ወንድማማች የሚቀያየመው በቤቱ ሳይሆን በኪራዩ ነው።

ከዚህ በኋላ ክፍፍል ነው። እናትዎ ቤቱ ውስጥ እየኖሩ ስለሆነ ልሸጥ ልለውጥ የሚለውን ወደ ጎን ብትተዉት ደስ ይለኛል። ክፍፍልን ማንኛውም ወራሽ በማንኛውም ጊዜ መጠየቅ ይችላል። ግዴታ ግን አይደለም። ሁለት የሚያስኬድ መንገድ አለ። አንደኛው ካርታውን በጋራ ማውጣት ነው። የእናትዎ ድርሻ ግማሽ፣ የእያንዳንዱ ወራሽ ድርሻ በስሙ ተጽፎ። የጋራ ባለቤትነት ስለሆነ ሙሉ ቤቱን ለመሸጥ የሁሉም ስምምነት ያስፈልጋል። ማንም ብቻውን ተነስቶ አይሸጠውም። ወንድምዎ «በኋላ እንካፈላለን» ያሉት እኮ በዚህ መንገድ ያለምንም ስጋት ይፈጸማል።

ሁለተኛው በክፍፍል ስምምነቱ ውስጥ ለእናትዎ የአላባ መብት መጻፍ ነው። ማለትም በሕይወት እስካሉ ድረስ ሙሉ ቤቱ ውስጥ ይኖራሉ፣ ኪራይም ካለ ይሰበስባሉ። ልጆች በአባታቸው ግማሽ ላይ ባለቤትነታቸውን ይዘው ይቆያሉ። እናት «ማን ያስወጣኝ ይሆን?» ብለው ሳይሳቀቁ እንዲኖሩ ከፈለጋችሁ ከዚህ የሚሻል አላውቅም። ስምምነቱ በጽሑፍ ሆኖ ሰነዶች ማረጋገጫ ይመዝገብ፣ ወይም ፍርድ ቤት ያጽድቀው። ሁለቱ ሕፃናት ስላሉበት ደግሞ በእነርሱ ድርሻ ላይ ሽያጭም ሆነ ሌላ ማስተላለፍ ሲታሰብ የፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል። እናታቸው ብቻዋን ፈርማ አይበቃም።

ጊቢውን በአጥር እንካፈል የሚል ሐሳብም ይመጣ ይሆናል። ከተማው ለአንድ ቦታ የሚፈቅደው ዝቅተኛ ስፋት ስላለ ለስድስት የሚካፈል ጊቢ አዲስ አበባ ላይ ብዙም አይገኝም። አንዱ ወራሽ የሌሎቹን ድርሻ በግምት ገዝቶ ማስቀረት ይችላል። ያም ካልሆነ በጨረታ ተሽጦ ገንዘቡ ይካፈላል።

ካርታው የሚዞረው ክፍለ ከተማው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ነው። በካዳስተር (ይዞታዎች ተለክተው በሚመዘገቡበት ሥርዓት) የተረጋገጠ ሰፈር ከሆነ ደግሞ የይዞታ ምዝገባው ቅርንጫፍ ጋ ነው። የምትይዙት የወራሽነት ማረጋገጫውን፣ የእናትዎን የጋብቻ ማስረጃ፣ የክፍፍል ስምምነቱን ወይም ውሳኔውን፣ ዋናውን ካርታ፣ የግብር ደረሰኞችና መታወቂያዎችን ነው። ካርታው ጠፍቶ ከሆነ ለፖሊስ ታመለክታላችሁ። ከዚያ ምትክ ከመሰጠቱ በፊት ተቃዋሚ ካለ እንዲቀርብ በጋዜጣ ይወጣል። አዲስ ልሳን ላይ በየሳምንቱ የሚታዩት ማስታወቂያዎች እነዚህ ናቸው። «ጠፋ» ከማለታችሁ በፊት ግን ባንክ አለመሆኑን አረጋግጡ።

የእናንተ ቤት አንድ ዕድል አለው። በ1984 ዓ.ም. የተያዘ ቦታ ስለሆነ የመጀመሪያው የሊዝ አዋጅ ከመውጣቱ በፊት ነው። ነባር ይዞታ የሚባለው ይህ ነው። የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ (721/2004) አንቀጽ 6 በነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ ውጭ በሆነ መንገድ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ቦታው ወደ ሊዝ እንደሚገባ ይደነግጋል። በውርስ ሲተላለፍ ግን ነባርነቱ ይቀጥላል። ስለዚህ ነገሩን በንጹሕ ውርስነቱ ማስኬድ ጥቅም አለው። ለማቅለል ተብሎ በመሀል ሽያጭ ወይም ስጦታ ማስገባት ያንን ሊያሳጣ ይችላል።

አንድ ተንኮልም ልንገርዎ፤ ብዙ ሰው ስለሚጎዳበት ነው። አባታችሁ በሕይወት ሳሉ ለአንድ ሰው ውክልና ሰጥተው ነበር? ከነበረ ያ ውክልና ከእርሳቸው ጋር አብቅቷል። ሕጉ ቁጥር 2232 ላይ የወካይ ሞት ውክልናን ያስቀራል ይላል። ወረቀቱ ግን አይሞትምና በሟች ውክልና ቤት የሚሸጥ ሰው አለ። የሞት ምስክር ወረቀቱን ኮፒ አድርጋችሁ ለሰነዶች ማረጋገጫና ለክፍለ ከተማው በደብዳቤ አስገቡ። ቤቱ ይህን ያህል ይጠበቃል።

ወደ እርስዎ ውክልና እንምጣ። የአሜሪካ ዜጋ መሆንዎ የአባትዎ ልጅ መሆንዎን አያስቀርም፤ ይወርሳሉ። የማይንቀሳቀስ ንብረት በስምዎ ለመያዝ ግን በተለምዶ ቢጫ ካርድ የምንለው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያስፈልግዎታል። አዋጅ 270/1994 ባለ መታወቂያውን የውጭ ዜጋ ቤት እንዳይኖረው ከሚከለክለው የፍትሐ ብሔር ሕግ ድንጋጌ ነፃ ያደርገዋል። ከሌለዎት አሁኑኑ ያውጡ፤ ኤምባሲው ይሰጣል። ውሳኔ ወጥቶ ክፍለ ከተማ ሲደረስ እሱን መጠበቅ ሌሎቹን ወራሾች ያስራል።

ውክልናው ልዩ ይሁን። እንዲህ ተብሎ ይጻፍ፦ የወራሽነት ማረጋገጫ እንዲያወጣልኝ፣ በውርስ ማጣራቱ እንዲገኝልኝ፣ ስለ ድርሻዬ እንዲከራከርልኝ፣ ካርታው ላይ ስሜን እንዲያስገባልኝ። ቀጥሎ ደግሞ የማይፈቅዱትን ይጻፉ፦ መሸጥ፣ መለወጥ፣ በስጦታ ማስተላለፍ፣ ዋስትና ማስያዝ፣ ድርሻዬን መተው፣ ሌላ ሰው መወከል አይችልም። ለመሸጥና ለማስያዝ የተለየ ሥልጣን መስጠት እንደሚያስፈልግ ሕጉ ራሱ ቁጥር 2205 ላይ ይላል። ቢሆንም በግልጽ መከልከሉ አይጎዳም። ኤምባሲ ቀርበው ይፈርማሉ። ወረቀቱ አዲስ አበባ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል፤ ቀጥሎ ሰነዶች ማረጋገጫ ይመዘገባል።

ለማን? የሚቻል ከሆነ ወራሽ ላልሆነ ሰው ይስጡ። ጠበቃ ወይም የሚያምኑት የአክስት ልጅ። ወንድምዎ ራሳቸው ተካፋይ ስለሆኑ የእርስዎንም ድርሻ ይዘው መደራደር ያስቸግራቸዋል። ለእርሳቸውም ነፃነት ነው። «ውክልናውን ለጠበቃ ሰጥቻለሁ፣ አንተ ከመንከራተት ትድናለህ» ብለው በአክብሮት ይንገሯቸው። አይከፉም ብዬ አስባለሁ። ከከፉም ይሻላል፣ ኋላ ፍርድ ቤት ከምትቆሙ።

ድርሻዎን ለእናትዎ መተው ፈልገዋል። ልብዎን አከብራለሁ። ነገር ግን «ውርሱን ትቻለሁ» ብለው ከፈረሙ ድርሻው ወደ እናትዎ አይሄድም፤ እርሳቸው በሕጉ የባለቤታቸው ወራሽ ስላልሆኑ። ወደ ሌሎች ወራሾች ነው የሚሄደው። ለእናትዎ እንዲሆን ከፈለጉ ስጦታ ነው የሚባለው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ ደግሞ በግልጽ ኑዛዜ ፎርም ካልተደረገ ዋጋ የለውም (ቁጥር 2443)። በዚያ ላይ ከላይ ያልኩት የሊዝ ነገር አለ፤ ከመፈረምዎ በፊት ክፍለ ከተማውን በጽሑፍ ይጠይቁ። በእኔ በኩል አላባው ይሻላል እላለሁ። እናትዎ ሙሉ ቤቱን ይጠቀሙበታል፤ የእርስዎም ስም ካርታው ላይ ይቆያል።

አይዘግዩ ግን። ወራሽ ነኝ ብሎ ንብረት ለማስመለስ የሚቀርብ ክስ መብትዎንና ንብረቱ በሌላ ሰው እጅ መሆኑን ካወቁበት ጊዜ ጀምሮ በ3 ዓመት ይቆማል። ከዘመድ ርስት (ከቤተሰብ ሲወርድ ከመጣ የማይንቀሳቀስ ንብረት) በቀር 15 ዓመት ካለፈ ደግሞ ጨርሶ አይቻልም። ቁጥር 1000 ነው። ውጭ ያለን ሰው የሚጎዳው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ክረምት ስመጣ እያለ ሦስት ክረምት ያልፋል። በመሀል ካርታው ሊዞር ወይም ቤቱ ሊሸጥ ነው የሚል ወሬ ከሰሙ ጠበቃዎ ክስ አቅርቦ የእግድ ትእዛዝ እንዲያስወጣና ለክፍለ ከተማው እንዲያደርስ ያድርጉ። እግድ የሚጠቅመው ከሽያጭ በፊት ነው።

ዋናው ካርታ እናትዎ ጋ ይቀመጥ። ግማሹ የእርሳቸው ነው፤ ቤቱም ውስጥ ያሉት እርሳቸው ናቸው። ስም ለማዛወር ሲወጣ ማን እንደወሰደው በወረቀት ተፈርሞ ይውጣ። እርስዎ፣ ትልቋ እህታችሁ፣ ሌሎቹም እያንዳንዳችሁ በሰነዶች ማረጋገጫ ከዋናው ጋር የተመሳከረ ኮፒ ያዙ። የወንድማችሁ ልጆች ኮፒ ለእናታቸው ይሰጥ። አዲሱ ካርታ ሲወጣ ደግሞ ከክፍለ ከተማው ከመውጣታችሁ በፊት የሁሉንም ስም ከእነ አያት፣ የእያንዳንዱን ድርሻና የቦታውን ስፋት ከውሳኔው ጋር እያስተያያችሁ አንብቡ። አንድ ፊደል ከተሳሳተ እዚያው ይታረም።